የድምፅ ኮምፕረሰርን በገዛ እጅ መሥራትና ብልሽቱን መፈለግ

መግቢያ

ኮምፕረሰር ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን በየጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ እየጮኸ አየር የሚያጠራቅመው ማሽን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ኮምፕረሰር ግን የሚጨምቀው አየርን ሳይሆን በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ተናጋሪው ወደ ማይክሮፎኑ ሲቀርብና ሲርቅ የሬዲዮ አድማጭ በየደቂቃው የድምፅ ቁልፍ እንዳያዞር የሚያደርገው፣ በሙዚቃ ቅጂም ድምፃዊው በመሣሪያዎቹ መካከል ሳይሰምጥ እንዲሰማ የሚረዳው ይኸው መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን ለመሥራት የሚያስፈልጉት ክፍሎች ጥቂትና ርካሽ ናቸው። አሠራሩን ለመረዳትም በሁለተኛ ደረጃ የምንማራቸው የኦም ሕግ፣ የቮልቴጅ ከፋፋይ እና የካፓሲተር መሞላትና መጉደል በቂ ናቸው። አስቸጋሪው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ተሠርቶ ያለቀው መሣሪያ እንደታሰበው ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱን ማግኘት ነው። ኮምፕረሰር የራሱን ውጤት መልሶ የሚያዳምጥ፣ ማለትም በቀለበት የተያያዘ መሣሪያ በመሆኑ በአንድ ቦታ ያለ ጥፋት በሁሉም ቦታ ይንጸባረቃል። በዚህም ምክንያት ብዙ ጀማሪዎች ክፍሎቹን በግምት አንድ በአንድ እየቀየሩ ገንዘባቸውንም ትዕግሥታቸውንም ይጨርሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድ ቀላል ኮምፕረሰር አሠራርን ከነቁጥሮቹ ማቅረብ፣ ከዚያም ቀለበቱን በመቁረጥ ጥፋትን ያለ ግምት ማግኘት እንደሚቻል ማሳየት ነው።

ኮምፕረሰር ምን ይሠራል?

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ስለ ቮልቴጅ ስንናገር እጥፍ ማለት ወደ 6 ዴሲቤል፣ አሥር እጥፍ ማለት ደግሞ 20 ዴሲቤል ነው። ኮምፕረሰር ከአንድ የተወሰነ መጠን በታች ያለውን ድምፅ ሳይነካ ያሳልፋል። ይህን መጠን በዚህ ጽሑፍ "ደፍ" እንለዋለን፤ የቤት ደፍን እንደመሻገር ማለት ነው። ድምፁ ደፉን ሲሻገር መሣሪያው ዕድገቱን መግታት ይጀምራል። ለምሳሌ የመጭመቂያው ንጽጽር 4 ለ 1 ከሆነ፣ ከደፉ በላይ 12 ዴሲቤል ከፍ ብሎ የገባ ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ሁለት የጊዜ መጠኖችም አሉ። ድምፁ ደፉን ካለፈ በኋላ መሣሪያው በሚገባ እስኪገታው የሚወስደውን የመያዣ ጊዜ፣ ድምፁ ዝቅ ካለ በኋላ ለቅቆ ወደ ነበረበት እስኪመለስ የሚወስደውን ደግሞ የመልቀቂያ ጊዜ እንለዋለን። እነዚህ ጊዜያት እጅግ ካጠሩ መሣሪያው የእያንዳንዱን ሞገድ ቅርፅ ስለሚከተል ድምፁን ያበላሻል። እጅግ ከረዘሙ ደግሞ ከኃይለኛው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ አፍኖ ይይዘዋል።

ሁለቱ መንገዶች

ማንኛውም ኮምፕረሰር ሁለት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ድምፁ ራሱ ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚጓዝበት ዋና መንገድ ነው። ሁለተኛውን ባለሙያዎች ሳይድቼይን ይሉታል፤ እኛ የጎን መንገድ እንለዋለን። በጎን መንገድ የሚጓዘውን ድምፅ ማንም አይሰማውም። ሥራው የድምፁን መጠን መለካትና ለዋናው መንገድ "ቀንስ" ወይም "ልቀቅ" የሚል ትእዛዝ መስጠት ነው። በሌላ አነጋገር የጎን መንገድ ጆሮ ሲሆን በዋናው መንገድ ላይ ያለው ተለዋዋጭ ክፍል ደግሞ እጅ ነው።

የጎን መንገዱ ድምፁን ከየት ይቀዳል የሚለው ጥያቄ መሣሪያዎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል። ከመግቢያው ቢቀዳ ትእዛዙ ወደፊት ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ እጁ ትእዛዙን በትክክል መፈጸም አለበት፤ ቢሳሳት የሚያርመው የለም። ከመውጫው ቢቀዳ ግን ጆሮው የሚሰማው የእጁን የራሱን ሥራ ነው፤ እጁ ቢያንስ ትእዛዙ ይጠነክራል፣ ቢበዛ ይላላል። ይህ የግብረ መልስ ቀለበት ይባላል። ለጀማሪ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የክፍሎቹ አለመመጣጠን በቀለበቱ ውስጥ በአብዛኛው ይታረማል።

እኛ የመረጥነው እጅ በብርሃን የሚሠራ ነው። አንዲት ኤል ኢ ዲ አምፖልና አንድ ፎቶሬዚስተር ፊት ለፊት ተገጣጥመው በጥቁር ቱቦ ይታሸጋሉ። ፎቶሬዚስተር በጨለማ ከፍተኛ፣ በብርሃን ዝቅተኛ ሬዚስታንስ የሚኖረው ክፍል ነው። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በፓሳዲና፣ ካሊፎርኒያ የነበረው ቴሌትሮኒክስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው፣ ጄምስ ሎረንስ የተባለ መሐንዲስ የነደፈው ኤል ኤ-2ኤ የተሰኘ ኮምፕረሰር፣ ቮልቴጅ ሲሰጠው የሚያበራ ሰሌዳንና ፎቶሬዚስተርን በማጣመር ይሠራ ነበር። መሣሪያው ዛሬም በስቱዲዮዎች ይፈለጋል። ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ የአለቃቀቁ ጠባይ ነው፤ ከጭመቃው ግማሹን በ60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይለቅና ቀሪውን ለመልቀቅ ሰከንዶች ይወስድበታል። ይህም ከፎቶሬዚስተሩ የመጣ ነው፤ ፎቶሬዚስተር ብርሃኑ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያየውን አይረሳምና።

ማጣሪያው ለምን በጎን መንገድ ላይ ይሆናል?

ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ለሁሉም ድግግሞሽ እኩል ስሜት የለውም። በተለይ ድምፁ ዝቅ ባለ ጊዜ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማን ከተፈለገ እጅግ የበለጠ ኃይል ሊሰጠው ይገባል። ስለሆነም በሙዚቃ ውስጥ ትልቁን ቮልቴጅ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የቤዝ ጊታሩና የከበሮው ወፍራም ምት ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ኮምፕረሰሩ ግን ቮልቴጅን እንጂ የሰውን ስሜት አያውቅም። ስለዚህ ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፃዊውንም፣ ክራሩንም፣ ማሲንቆውንም አብሮ ይጫናል፤ ምቱ ሲያልፍ ይለቃል። ውጤቱ ሙዚቃው በከበሮው ልክ እየተነፈሰ ያለ መምሰሉ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ60 ኸርዝ ምት 1 ቮልት፣ የ1000 ኸርዝ የድምፃዊ ድምፅ 0.4 ቮልት ከፍታ አላቸው እንበል። ያለ ማጣሪያ አዛዡ ከበሮው ነው። በጎን መንገድ መግቢያ ላይ ከ159 ኸርዝ በታች ያለውን የሚያዳክም ማጣሪያ ብናስገባ፣ የምቱ ቮልቴጅ ወደ 0.35 ይወርዳል፤ የድምፃዊው ግን ከሞላ ጎደል 0.4 እንደሆነ ይቀራል። ስለሆነም አዛዥነቱ ወደ ድምፃዊው ይዞራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይኸው ማጣሪያ በዋናው መንገድ ላይ ቢገባ ከበሮው ራሱ ከሙዚቃው ይጠፋ ነበር። በጎን መንገድ ላይ ሲሆን ግን ከበሮው ሳይጎድልበት ያልፋል፤ የተነጠቀው ድምፁ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። በተቃራኒው የጎን መንገዱ ቀጭን ድምፆችን ይበልጥ እንዲሰማ ቢደረግ፣ መሣሪያው እንደ "ሰ" እና "ሸ" ያሉ የሚያፏጩ ድምፆችን ለይቶ ይገታል። በኤል ኤ-2ኤ ላይም በካቻቢቴ የሚዞር፣ የጎን መንገዱን ለቀጭን ድምፅ የበለጠ ንቁ የሚያደርግ ማስተካከያ ነበር። ይህ የሆነው የኤፍ ኤም ሥርጭት ቀጫጭን ድምፆችን ከመላኩ በፊት ስለሚያጎላቸው፣ እነርሱ ከልክ እንዳያልፉ ለመጠበቅ ነው።

አሠራሩ

ለኃይል ምንጭ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን እንጠቀማለን። የአንዱ አሉታዊ ጫፍ ከሌላው አዎንታዊ ጫፍ ጋር ይያያዝና መገናኛው ዜሮ መስመር ይሆናል። በዚህም ከዜሮ በላይ 9፣ ከዜሮ በታች 9 ቮልት እናገኛለን። የቆዩ ባለ ቫልቭ ኮምፕረሰሮች በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ስለሚሠሩ ለጀማሪ አይመከሩም። በባትሪ መሥራት ከአደጋ ከመጠበቁም በላይ ከመብራት መስመር የሚመጣን ጉርምርምታ ያስቀራል።

ማጉያዎቹ ቲ ኤል 072 የሚባሉ ሁለት ቺፖች ናቸው። እያንዳንዱ ቺፕ ሁለት ኦፕ አምፕ ስለሚይዝ በጠቅላላው አራት ይኖሩናል።

የመጀመሪያው ኦፕ አምፕ የሚገባውን ድምፅ ሳያጎላ የሚቀበል ነው። ድምፁ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ይገባል፤ ከኦፕ አምፑ መግቢያም 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ወደ ዜሮ መስመር ይያያዛል። ከዚህ ኦፕ አምፕ መውጫ ሌላ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 47 ኪሎኦም ሬዚስተር ተከታትለው ይገባሉ። ከሬዚስተሩ ማዶ ፎቶሬዚስተሩ ወደ ዜሮ መስመር ይወርዳል። 47 ኪሎኦሙና ፎቶሬዚስተሩ ቮልቴጅ ከፋፋይ ናቸው፤ የመሣሪያው እጅ ማለት ይህ ነው። በጨለማ ፎቶሬዚስተሩ 1 ሜጋኦም ቢሆን ከድምፁ 95 በመቶው ያልፋል። በብርሃን ወደ 47 ኪሎኦም ሲወርድ ግማሹ፣ ወደ 4.7 ኪሎኦም ሲወርድ ደግሞ 9 በመቶው ብቻ ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ወደ 21 ዴሲቤል የሚጠጋ ቅነሳ ነው።

ሁለተኛው ኦፕ አምፕ ከከፋፋዩ የተቀበለውን ድምፅ 4.3 ጊዜ ያጎላል። ለዚህም 33 ኪሎኦምና 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ። ከመውጫው በ10 ኪሎኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል። የጎን መንገዱ የሚቀዳው ከመቆጣጠሪያው በፊት ከኦፕ አምፑ እግር ላይ መሆን ይገባዋል፤ አለዚያ የውጭውን ድምፅ ዝቅ ባደረግን ቁጥር የደፉም ቦታ ይለወጣል።

አሁን ወደ ጎን መንገዱ እንሂድ። መጀመሪያ የሚገኘው ማጣሪያው ነው። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በመስመሩ ላይ ይገባል፤ ከካፓሲተሩ ማዶ አንድ ሬዚስተር ወደ ዜሮ መስመር ይወርዳል። የማጣሪያውን የመቁረጫ ድግግሞሽ ለማግኘት ሬዚስተሩን በኦም፣ ካፓሲተሩን በፋራድ ወስደን እናባዛቸዋለን፤ ውጤቱን በ6.28 አባዝተን 1ን ለዚህ እናካፍላለን። በዚህ ስሌት 100 ኪሎኦም 16 ኸርዝ፣ 22 ኪሎኦም 72 ኸርዝ፣ 10 ኪሎኦም 159 ኸርዝ ይሰጣሉ። ሦስቱን በባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያ ብናያይዛቸው 16 ኸርዝ "ማጣሪያ የለም" ከማለት ጋር እኩል ስለሚሆን ለማወዳደር ይመቻል።

ሦስተኛው ኦፕ አምፕ ከማጣሪያው የወጣውን ድምፅ ከ1 እስከ 11 ጊዜ ያጎላል። ይህም በ10 ኪሎኦም ሬዚስተርና በ100 ኪሎኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር ይሠራል፤ የደፉ መቆጣጠሪያም ይኸው ነው። ከመውጫው በ1 ኪሎኦም ሬዚስተርና 1ኤን4148 በተባለ ዳዮድ በኩል 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርን ይሞላል። በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ይያያዛል። የመሙያው ጊዜ 1 ኪሎኦም በ4.7 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 4.7 ሚሊሰከንድ፣ የማጉደያው ጊዜ 100 ኪሎኦም በ4.7 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 0.47 ሰከንድ ነው። አራተኛው ኦፕ አምፕ የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ሳይቀንስበት አንብቦ በ1 ኪሎኦም በኩል ኤል ኢ ዲዋን ያበራል።

ኤል ኢ ዲዋ አረንጓዴ ብትሆን ይመረጣል። ከካድሚየም ሰልፋይድ የተሠራ ፎቶሬዚስተር በይበልጥ የሚነቃው ለአረንጓዴ ብርሃን ነውና። ካድሚየም መርዛማ ስለሆነ ፎቶሬዚስተርን መስበርም ሆነ ማቃጠል አይገባም።

አሁን ደፉን ማስላት እንችላለን። ኤል ኢ ዲዋ መብራት ለመጀመር ወደ 1.9 ቮልት፣ ዳዮዱ ደግሞ ወደ 0.6 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ኦፕ አምፕ መውጫ ላይ 2.5 ቮልት ከፍታ ያስፈልጋል። ማጉያው በ5 ላይ ቢቀመጥ ደፉ በሁለተኛው ኦፕ አምፕ መውጫ ላይ 0.5 ቮልት ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ መውጫው እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም 6 ዴሲቤል ቢጨምርና በዚያን ጊዜ ፎቶሬዚስተሩ 4.7 ኪሎኦም ቢደርስ፣ ከፋፋዩ ከጨለማው ጊዜ ይልቅ 20 ዴሲቤል ያህል እየቀነሰ ነው። እንግዲያው መግቢያው 26 ዴሲቤል አድጓል። 26 ለ6 ሲካፈል ከ4 በጥቂቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ መሣሪያችን በዚህ ሁኔታ 4 ለ 1 አካባቢ ይጨምቃል።

ብልሽት ፍለጋ፦ ቀለበቱን መቁረጥ

መሣሪያው ባይሠራ የመጀመሪያው እርምጃ ድምፅ መስማት ሳይሆን ቮልት መለካት ነው። ያለ ድምፅ በእያንዳንዱ ቺፕ 8ኛ እግር ላይ ከዜሮ በላይ 9፣ በ4ኛው እግር ላይ ከዜሮ በታች 9 ቮልት መኖር አለበት። መውጫዎቹ፣ ማለትም 1ኛውና 7ኛው እግሮች፣ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለባቸውም። አንዱ ወደ 7 ወይም 8 ቮልት ተጠግቶ ከተገኘ፣ ወደ ዜሮ መስመር መውረድ የነበረበት ሬዚስተር ተረስቷል ወይም ከመውጫው ወደ አሉታዊ መግቢያ የሚመለሰው ሽቦ አልተበየደም ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ኤል ኢ ዲዋ የሚሄደውን 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ከኦፕ አምፑ እናላቅቃለን። ቀለበቱ ተቆረጠ። አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ መሣሪያ ሳይሆን ለየብቻ የሚመረመሩ ሦስት ቀላል ነገሮች አሉን።

አንደኛ፣ ዋናው መንገድ ብቻውን። ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የ200 ኸርዝ ነጠላ ድምፅ እንሰጠዋለን። 0.1 ቮልት ቢገባ በሁለተኛው ኦፕ አምፕ መውጫ 0.41 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት፤ 0.95 በ4.3 ሲባዛ ይህን ይሰጣልና። ብዙ ርካሽ መልቲሜትሮች ተለዋዋጭ ቮልቴጅን በትክክል የሚለኩት እስከ ጥቂት መቶ ኸርዝ ድረስ ብቻ ስለሆነ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ መምረጡ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ እጁ ብቻውን። የተላቀቀውን 1 ኪሎኦም ጫፍ በቀጥታ ከ9 ቮልቱ ጋር ብናገናኘው በኤል ኢ ዲዋ ውስጥ 7 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል። መውጫው ወዲያው ከአሥር እጥፍ በላይ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ኤል ኢ ዲዋ ተገልብጣለች ወይም ከፎቶሬዚስተሩ ጋር ፊት ለፊት አልተገጠመችም።

ሦስተኛ፣ ጆሮው ብቻውን። የደፉን መቆጣጠሪያ ዝቅተኛው ላይ፣ ማጣሪያውን 16 ኸርዝ ላይ አድርገን 0.5 ቮልት የሚያህል ድምፅ እናስገባለን፤ ይህ በመልቲሜትር የሚነበበው መጠን ነው፤ ከፍታው 0.7 ቮልት ይደርሳል። በ4.7 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር ላይ ከ2 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይነበባል። ይህ ንባብ በ60 ኸርዝም በ1000 ኸርዝም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ማጣሪያው ወደ 159 ኸርዝ ሲዞር የ1000 ኸርዙ ንባብ ብዙም አይለወጥም፤ የ60 ኸርዙ ግን ከግማሽ ቮልት በታች ይወርዳል። የሚለካው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ ርካሹ መልቲሜትርም እዚህ ላይ ይታመናል።

ሦስቱም ፈተናዎች ከታለፉ በኋላ ቀለበቱ ይዘጋል። ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ምልክቶችን እንመልከት።

ያለ ድምፅ ኤል ኢ ዲዋ ትበራለች። የማጣሪያውን መግቢያ ከሁለተኛው ኦፕ አምፕ አላቅቀን ከዜሮ መስመር ጋር እናገናኘው። ኤል ኢ ዲዋ ከጠፋች ጥፋቱ በዋናው መንገድ፣ ካልጠፋች በጎን መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኦፕ አምፑ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ በራሱ መርገብገቡ ነው። ከእያንዳንዱ ቺፕ የኃይል እግሮች አጠገብ ወደ ዜሮ መስመር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮችን ማያያዝ በአብዛኛው ያስታግሠዋል።

ጉርምርምታ ይሰማል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጉርምርምታው ሙዚቃው ሲቆምም ይሰማል ወይስ ከሙዚቃው ጋር ብቻ? ሲቆምም የሚሰማ ከሆነ ከመብራት መስመር በሽቦዎቹ በኩል የገባ ነው፤ የመግቢያውን ሽቦ ማሳጠርና በመከለያ መሸፈን ይገባል። ከሙዚቃው ጋር ብቻ የሚሰማና ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ግን የገባው በሽቦ ሳይሆን በብርሃን ነው። የአገራችን የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደክማሉ። ይህ ብርሃን ባልታሸገ ቱቦ ገብቶ ፎቶሬዚስተሩን ቢነካ ከፋፋዩን 100 ጊዜ ያወዛውዘዋል። ድምፅ በሌለበት ጊዜ ግን ከፋፋዩ የሚከፍለው ነገር ስለሌለው ጸጥ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ቱቦውን በእጅ መሸፈን ወይም መብራቱን ማጥፋት ነው። መድኃኒቱም ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነው።

ማጣሪያው ያልታሰበ ቦታ ይቆርጣል። በትናንሽ ካፓሲተሮች ላይ የሚጻፈው 104 ቁጥር 100 ናኖፋራድ፣ 103 ደግሞ 10 ናኖፋራድ ማለት ነው። የሁለቱ መለዋወጥ 159 ኸርዙን ወደ 1590 ኸርዝ ያደርሰዋል፤ በዚህን ጊዜ መሣሪያው ለሚያፏጩ ድምፆች ነቅቶ ለድምፃዊው ዋና ድምፅ ይደነዝዛል። ሌላው ምክንያት ጭነት ነው። ከማጣሪያው ቀጥሎ ኦፕ አምፕ ሳይሆን 10 ኪሎኦም መቆጣጠሪያ ቢያያዝ፣ ከ22 ኪሎኦሙ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ 6.9 ኪሎኦም ያህል ስለሚሆን 72 ኸርዝ የነበረው ወደ 231 ኸርዝ ይወጣል። ሽቦው ሁሉ ትክክል ሆኖ ስሌቱ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ወፍራም ድምፆች ይሻክራሉ። የ50 ኸርዝ ሞገድ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ0.47 ሰከንድ የማጉደያ ጊዜ ካፓሲተሩ በአንድ ዙር የሚያጎድለው 4 በመቶ ገደማ ነው። በ100 ኪሎኦሙ ቦታ 10 ኪሎኦም ቢገባ ግን 35 በመቶ ያህል ያጎድላል። ያን ጊዜ ትእዛዙ ራሱ በእያንዳንዱ ሞገድ ይዋዥቃል፤ የፎቶሬዚስተሩ ዝግታ ቢያለዝበውም የሞገዱ ቅርፅ መበላሸቱ አይቀርም።

በማይለወጥ ነጠላ ድምፅ ኤል ኢ ዲዋ እየደመቀች እየደከመች ትዋዥቃለች። ይህ በማንኛውም የግብረ መልስ ቀለበት የሚያጋጥም ችግር ነው። ካፓሲተሩም ፎቶሬዚስተሩም ዘግይተው ስለሚሠሩ ትእዛዙ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል፤ መሣሪያው ከልክ በላይ ይጨምቃል፣ ከዚያም ከልክ በላይ ይለቃል። የደፉን ማጉያ መቀነስ ወይም የመልቀቂያ ጊዜውን ማርዘም ያረጋጋዋል። ሙቀቱ ዘግይቶ በሚደርስ ቧንቧ ሻወር የሚታጠብ ሰው ውሃውን አንዴ ሲያቃጥል አንዴ ሲያቀዘቅዝ የሚውለው በዚሁ ሕግ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው መሣሪያ ሁለት ቺፖች፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ አንድ ዳዮድ፣ አንዲት ኤል ኢ ዲና አንድ ፎቶሬዚስተር ብቻ ያሉት ነው። ይሁን እንጂ የሚያስተምረው ከክፍሎቹ ብዛት ይበልጣል። አንደኛ፣ የአንድ መሣሪያ ጠባይ የሚወሰነው ሥራው በሚያልፍበት መንገድ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚለካውና የሚያዘው ክፍል ባለበት በማይሰማው መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱን መልሶ በሚያዳምጥ መሣሪያ ውስጥ ምልክቱ የታየበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። የፍሪጅ ቴርሞስታት፣ የጀነሬተር ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ የሰውነታችን የሙቀት ሚዛን ሳይቀሩ በዚህ ዓይነት ቀለበት የሚሠሩ ናቸው።

ስለዚህ አንባቢያን ይህን መሣሪያ ሊሠሩ ሲነሱ ከመበየጃው አስቀድመው ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሊገኝ የሚገባውን ቮልት አስልተው ይጻፉ፤ ከዚያ ይለኩ። የተሰላውና የተለካው የሚለያዩበት የመጀመሪያው ነጥብ ጥፋቱ ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል። ምንም ክፍል መቀየር የሚገባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።